ያልገባት ሚዳቋ

የእጅ ጽሕፈቴ እንደ ጉንዳን መንገድ ይጣመማል፤ ፊደልም እሳሳታለሁ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነው፣ እሱንም በጭንቅ። አንባቢ አስቀድሞ ይቅር ይበለኝ። ተረት ተረት ስላችሁም የላም በረት አትበሉኝ። በዚህ ተረት ውስጥ ላምም በረትም የለም፤ ያለው ትምህርት ቤት ነው።

በአንድ ጫካ የሚኖሩ እንስሳት ስብሰባ ተቀመጡ። በየበጋው ውኃ ሊጠጡ ወደ ወንዝ ሲወርዱ ነብር አድፍጦ ይበላቸው ነበር። በዚያ ሳምንት የበላው አንዲት እናት ሚዳቋን ነበር፤ ትንሽ ልጇም ስብሰባው ላይ ነበረች። ጃርት ተነሥቶ፣ ነብር የሚበላን ዱካ ማንበብ ስለማንችል ነውና ልጆቻችን ይማሩ አለ። ሁሉም አጨበጨቡ፤ ማጨብጨብ የማይችሉት ጅራታቸውን ቆሉ።

መምህር እንዲሆን ኤሊ ተመረጠ። ብዙ ዘመን ኖሮ ብዙ ዱካ አንብቧል። ደግሞም ቤቱን ተሸክሞ የሚዞር ስለሆነ የመምህራን መኖሪያ ጉዳይ ከአጀንዳው ተሰረዘ። ርዕሰ መምህር ጉሬዛ ሆነ። ካባ ለብሶ የተወለደ ነውና ምርጫው ብዙ አላከራከረም። ተቆጣጣሪነቱ ለጥንብ አንሳ ተሰጠ፤ መመሪያ የሚመጣው ከላይ ነው።

ዘጠና ተማሪዎች በአንድ ዋንዛ ሥር ተቀመጡ። መጽሐፉ ዱካ የታተመበት ደረቅ ጭቃ ነበር፤ አንዱ ለዘጠኝ ተማሪ ደረሰ። ከርከሮ የቡድኑን መጽሐፍ በመጀመሪያው ቀን ተንከባለለበት።

ኤሊ የመጀመሪያውን ትምህርት እንዲህ ሲል ጀመረ፦

«ጥፍሩን የሚያሳየን ጅብ ነው። ጥፍሩን የሚደብቅብን ነብር ነው።»

ከዚያ ምክንያቱን ቀስ እያለ ማስረዳት ያዘ። ቀስ ማለት ያውቅበታል። ነገር ግን በሦስተኛው ቀን ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወርዶ፣ መጽሐፉ አሥራ ሁለት ምዕራፍ እንዳለውና ክረምት ሳይገባ ማለቅ እንዳለበት አሳሰበው። ከዚያ ወዲያ ኤሊ ቸኮለ። ኤሊ ሲቸኩል ትንፋሹ ይፈጥናል እንጂ እግሩ ያው ነው።

በየምዕራፉ መጨረሻ «ገብቷችኋል?» ይላል። ዘጠናዎቹም በአንድ ድምፅ «አዎ፣ ገብቶናል» ይላሉ። ከሁሉ በላይ የምትጮኸው የአህያ ውርንጭላ ነበረች፤ ድምፅ ተሰጥቷታል። የክፍል አለቃው ጦጣ አፉን ያልከፈተውን ስም ይዞ ለጉሬዛ ያቀርባል። ስለዚህ ሁሉም አፉን ይከፍታል።

አንድ ቀን ጥንብ አንሳ ለቁጥጥር መጥቶ ዋንዛው ጫፍ ላይ ዐረፈ። ኤሊ ሰባተኛውን ምዕራፍ ጨርሶ እንደ ልማዱ ጠየቀ፤ ክፍሉም እንደ ልማዱ መለሰ። ጩኸቱ ጸጥ ሲል አንዲት ቀጭን ድምፅ ቀረች።

«መምህር፣ እኔ አልገባኝም» አለች ያቺ ትንሽ ሚዳቋ።

ኤሊ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቃት።

«ከመጀመሪያው ነው። ጥፍር የማይታይበት ዱካ ሳይ፣ ጥፍር የሌለው ነው ወይስ ጥፍሩን የደበቀ ነው? በምን ለይቼ ልሽሽ?»

ኤሊ ደስ ብሎት አንገቱን እስከ መጨረሻው አወጣ። ያን ያህል ሲያወጣው ያየ አልነበረም።

ጦጣ ግን ቀደመው። «እሜቴ ሚዳቋ፣ ሰባቱን ምዕራፍ ቅጠል መስሎሽ በላሽው እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ውርንጭላዋ ከሁሉ በላይ ጮኻ ሳቀች፤ ሳቋ ወንዝ ማዶ ተሰማ። ኤሊ አንገቱን መለሰ። ጥንብ አንሳ፣ ሪፖርቱ ላይ ዘጠናዎቹም ገብቷቸዋል የሚል እንደተጻፈ፣ የተጻፈ ደግሞ እንደማይሰረዝ ተናግሮ በረረ።

ጉሬዛ ሚዳቋን አስጠራት።

«ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ።»

«እናቴን ነብር በልቷታል።»

«አውቃለሁ። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በእሷ ምክንያት አይደል? ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው። ያለ ወላጅ ክፍል አትገቢም።»

ሚዳቋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረች። ኤሊ አንድ ጠዋት ብቻ ቢሰጠው እንደሚያስረዳት ጉሬዛን ለመነ።

«መምህር፣ አንድ ጠዋት ከየት ላምጣልዎት? አምስት ምዕራፍ ይቀርዎታል» አለ ጉሬዛ።

ኤሊ በዕረፍት ቀኑ ወደ ሚዳቋ ሰፈር ጉዞ ጀመረ። ቅዳሜን ሙሉ ተጓዘ። እሑድ ግን የሰኞ ትምህርት እንዳያልፍበት ከመንገድ ተመለሰ። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚሁ ሆነ፤ ከዚያ በኋላም እንደዚሁ።

ክረምት ሊገባ ሲል የመጨረሻው ፈተና ወንዙ ዳር ተሰጠ። ጭቃው ላይ ትናንሽ ኮቴዎች ወደ ውኃው ወርደዋል። በስተኋላቸው ክብ፣ ትልቅ፣ ጥፍር የማይታይበት ዱካ አለ። ኮቴዎቹ አልተመለሱም።

ኤሊ ትናንሾቹን ኮቴዎች እስከ ውኃው ዳር በዐይኑ ተከተለ። ከዚያ «ይህ ትልቁ ዱካ የማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

ከርከሮ ጦጣን አየ፤ ጦጣ ሰማይ አየ። በመጨረሻ ጦጣ፣ ጥፍር ስለሌለው የማይጎዳ እንስሳ ነው አለ። ሌሎቹም፣ ጥፍር ስለሌለው የማይጎዳ እንስሳ ነው አሉ። ውርንጭላዋ ትናንሾቹን ኮቴዎች የማን እንደሆኑ አውቃቸው ነበር። እሷም ከሌሎቹ ጋር ያንኑ አለች።

ጥንብ አንሳ ያን ቀን ጠግቦ ስለነበር ሁሉንም አሳለፈ። ሰማንያ ዘጠኝ ተፈትነው ሰማንያ ዘጠኝ አለፉ። ጉሬዛ ካባውን አስተካክሎ ኤሊን እንኳን ደስ ያለዎት አለው፤ እንዲህ ያሉ ተማሪዎች ያፈራ መምህር በጫካው ታይቶ አይታወቅም ብሎም አከለ።

«ተማሪዬስ አንዲት ነበረች» አለ ኤሊ፤ ቤቱም ገባ።

አሁን ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ ማለት ነበረብኝ። ግን ዳቦ የሚገባው አፍ የለኝም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ስንዱ የምትባል ልጅ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። የሒሳብ መምህራችን ክፍልፋይ አስተምረው ሲጨርሱ እጇን አውጥታ አልገባኝም አለች። ተሳቀባት። ረበሽሽ ተብላ ወላጅ አምጪ ተባለች። የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነበር፤ አክስቷም አልመጡም። በሳምንቱ ለሰው ቤት ሥራ ወደ ከተማ ተላከች፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ያን ቀን ከሁሉ በላይ ጮኻ የሳቀችው እኔ ነኝ። ለማንም ነግሬ የማላውቀው ግን ሳቄን አይደለም፤ እሱንማ ክፍሉ ሁሉ ሰምቷል።

እኔም አልገባኝም ነበር።