የማይወርደው ቮልቴጅ

ወረታ ብዙ ሹም አይታለች። በወረዳው የአደጋ መከላከል ኃላፊ በአቶ እንዳልካቸው ቢሮ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎለት የተቀመጠውን የመኪና ባትሪ ያህል የተከበረ ሹም ግን አላየችም። ሹም ይገመገማል፣ ይወርዳል። ይህ ባትሪ ደግሞ ይገመገማል፣ አይወርድም።

የተገዛው ለትንሽ ሥራ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ስለሚያጥለቀልቀው፣ መሥሪያ ቤቱ ድምፅ ማጉያ በመኪና ጭኖ ወደ ቁሐር ሚካኤል ይወርድና «ከብቶቻችሁን ወደ ደረቅ አውጡ!» ብሎ ያውጃል። ማጉያውን የሚያናግረው ይኸው ባትሪ ነው። አዋጁ አቶ እንዳልካቸውንም በቀጥታ ይመለከታቸዋል፤ ቁሐር ላይ አድማሴ የሚባል ገበሬ ዘንድ፣ ወተቷን ለሁለት የሚካፈሏት አንዲት የፎገራ ላም አለቻቸው።

«አድማሴ፣ በአሉባልታ እንዳትነቃነቅ» ይሉታል። «የእኔን ድምፅ በማጉያው ካልሰማህ ላሟን ከቦታዋ እንዳታነሣ።»

አድማሴ ሹም የሚያምን ሰው ነው።

ነገሩ የተበላሸው ቴስተር የሚሉት የቮልቴጅ መለኪያ የተገዛ ዕለት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ቴክኒሻን ሰውመሆን ባትሪውን ቢለካው አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ቮልት አነበበ። አቶ እንዳልካቸው ደስ ብሏቸው ማጉያውን ከፈቱና «አንድ፣ ሁለት» አሉበት። ቁጥሩ ወደ አሥራ ሁለት ወረደ።

«ምን አደረግሁት?» አሉ ደንግጠው።

«ምንም አላደረጉትም። ሥራ ሲበዛበት ይወርዳል፣ ሲያርፍ መለስ ይላል። ብርድም ዝቅ ያደርገዋል፣ እርጅናም። ደግሞ ውስጡ ሊደርቅ ነው፤ የባትሪ ውሃ እንጨምርለት።»

«ቮልቴጁን የሚያወርደው ሥራ ነዋ!»

«እሱማ አዎ፣ ግን...»

«በቃ! ጭራሽ ክዳኑን ከፍተህ የቀረውን ልታበንነው ነው?»

በማግስቱ ግምገማ ተጠራ። ባትሪው ምንም ዓይነት የአመለካከት ችግር እንደሌለበት፣ ችግሩ ያለው ወደ ሥራ በሚያሰማሩት ኃይሎች ዘንድ መሆኑ በሰፊው ተብራራ። ሰውመሆን ለባትሪው ውሃ በመመኘት ስላሳየው የጠባቂነት መንፈስ ግለ ሂስ አደረገ። የውሎ አበሉ ቀን ቀርቦ ስለነበር ሂሱ ጥልቅ ነበር፤ ሲጨርስም አብሮ አጨበጨበ።

ከዚያ ወዲያ ማጉያው ከባትሪው ተነጠለ። ባትሪው መብራት በመጣ ቁጥር ቻርጅ ይደረጋል፣ ይለካል፣ ይወለወላል። ብርድ እንዳይመታው ጸሐፊዋ ጋቢዋን በበጎ ፈቃድ እንድትለግስ ተወሰነባት። የሌሎች ወረዳዎች ባትሪዎች በሥራ ምክንያት ሲዋዥቁ የወረታው ጸና። ዞንም ተደንቆ መሥሪያ ቤቱን ሞዴል አለው። በነሐሴም ባትሪውን ለክቶ ሰርተፊኬት የሚያበረክት ልዑክ እንደሚመጣ ተነገረ።

ልዑኩ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ወይዘሮ ይታይሽ የሚባሉ የቁሐር ባልቴት እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ቢሮ ገቡ።

«ጌታው፣ ርብ ሞላ! ተላይ ያለው ዝናብም አላባራ። ሰዉ የእናንተን አዋጅ ሲጠብቅ ከብቱ ሜዳ ላይ ነው። ኧረ ያን ማጉያችሁን አምጡልን!»

አቶ እንዳልካቸው ላማቸው ትዝ አለቻቸው። እጃቸውም ወደ ማጉያው ገመድ ሄዶ ነበር። ግን ዛሬ የተናገሩበት ባትሪ ነገ በእንግዶች ፊት ስንት ሊያነብ ነው? እጃቸውን ሰበሰቡ።

«እማማ፣ ነገ ከምዘናው በኋላ እናውጃለን።»

«ውሃው እስተ ምዘናው ይቆየናል?»

«እስከዚያ በተረጋጋ መንፈስ ይጠብቁ።»

ወይዘሮ ይታይሽ ፊታቸውን አዙረው ወጡ። በቀጥታ ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሄደው ቄሱን ደወል አስደወሉ። የቁሐር ሰውም እየተጯጯኸ ከብቱን ወደ ደረቅ ነዳ።

በማግስቱ ልዑኩ መጣ። መሪው አቶ ደሳለው ጋቢውን በክብር ገልጠው ባትሪውን ለኩ። አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት! አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ይህ ቁጥር የጠንካራ አመራር ውጤት ነው!» ብለው ሰርተፊኬቱን ሰጡ። «በሉ፣ በዚሁ በጀግናው ባትሪ ንግግር ያሰሙን።»

ሰውመሆን ማጉያውን ቀጠለው። አቶ እንዳልካቸው ጉሮሯቸውን ጠራርገው «የተከበራችሁ...» ከማለታቸው ማጉያው ጭጭ አለ፤ ቁጥሩም ቁልቁል ተንደረደረ። ውጭ የፎገራ ሜዳ ባሕር ሆኗል፤ ባትሪው ግን የሞተው አንድ ሲኒ ውሃ አጥቶ ነው። ሰውመሆን ጣሪያውን ይመለከት ጀመር።

በዚህ መሃል አድማሴ ውሃ እያንጠባጠበ፣ የላም ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ።

«ጌታዬ፣ ደወሉ ሲጮህ ሰው ሁሉ ከብቱን አወጣ። ጎረቤቶቼ ‹ምነዋ፣ አውጣት እንጂ› ቢሉኝ፣ ‹የጌታዬን ድምፅ ሳልሰማ አላነሣትም› አልኋቸው። ውሃው ደረቴ ድረስ ደርሶ ቆሜ ጠበቅሁዎ። ከላሟ የተረፈው ገመዷ ይኸውና።»

አቶ እንዳልካቸው አንድ እጃቸው ሰርተፊኬት ስለያዘ ገመዱን በሌላው ተቀበሉ።

ሰውመሆን ቶሎ ብሎ ማጉያውን ነቀለ። ያረፈው ባትሪ ቀስ እያለ አገገመና አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ላይ ቆመ። እንግዶቹ እንደገና አጨበጨቡ።

አድማሴ ግራ ገብቶት ወደ አቶ ደሳለው ዞረ። «ጌታዬ፣ ይሄ ባትሪ ጤነኛ ነው?»

«ሙሉ ነው!» አሉት በኩራት።

«ሙሉ ተሆነ፣ ትናንት ምነው ዝም አለ?»