ቦዩ እንግዳ ሲቀበል

ደስታነሽ፦ ቦይ ዳር ቄጤማ ይጎዘጎዛል እንዴ፣ ሸዋንግዛው?

ሸዋንግዛው፦ እንግዳ አይደል የሚመጣው?

ደስታነሽ፦ ቆሻሻ ውሃ ቀድተው ለሚሄዱ ሰዎች?

ሸዋንግዛው፦ ቢሆንስ! ቆሻሻም ወግ አለው።

ደስታነሽ፦ ከተጎዘጎዘም በወዲያ በኩል ይሁን። በዚህ በኩል የሳህን ማጠቢያው ቱቦ ያረጥበዋል።

[ሐይቅ ዳር፣ የደስታነሽ ዓሣ ቤት ጓሮ። በአጥሩ ሥር አንድ ቦይ ቁልቁል ይወርዳል።]

ሸዋንግዛው የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ዛሬ ከደስታነሽ ጓሮ የውሃ ናሙና ሊወስዱ እንደሚመጡ የሰማው ታቦር ሰፈር፣ ቤቱ ቁርስ ላይ ሆኖ ነበር፤ ዳቦውን እንደያዘ ባጃጅ ውስጥ ዘሎ ገባ። ቦዩ ከላይ ከአልአዛር መኪና እጥበት ይነሣና በዓሣ ቤቱ ጀርባ አልፎ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ውጤቱ ለከተማው ምክር ቤት በሪፖርት ይቀርባል፤ ውሃውን የበከለችው ደስታነሽ ከሆነች ቤቷ ይታሸጋል። ቤቱ ከታሸገ ደግሞ ወንድሙና የወንድሙ ልጆች ምን ሊበሉ ነው? ሸዋንግዛው ያሰበው ይህን ነበር። እግዜር ይስጠው፣ ሆዱ ሩኅሩኅ ነው፤ ችግሩ ያለው ከአንገቱ በላይ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ይልቅ ዕቅዱን ስሚ። ሁለት ጠርሙስ ይዘው ነው የሚመጡት። አንዱን ከቱቦሽ በላይ፣ አንዱን ከቱቦሽ በታች ይቀዳሉ።

ደስታነሽ፦ እሱንማ አውቃለሁ።

ሸዋንግዛው፦ አታውቂም።

ደስታነሽ፦ እሺ፣ አላውቅም። ለምንድነው ሁለት የሆነው?

ሸዋንግዛው፦ አንዱ ቢሰበርስ?

ደስታነሽ፦ ለመሰበሩማ ቢሆን ሁለቱንም እዚያው አንድ ቦታ ይቀዱት ነበር።

ሸዋንግዛው፦ እታለም፣ እኔ ከቢሮ ሰዎች ጋር ስንት ዘመን ቁርስ የበላሁ ሰው ነኝ! እነሱ ዘንድ ሁሉም ነገር ዋናና ኮፒ አለው። የላይኛው ዋናው ነው፤ የታችኛው ኮፒው። ዋናው ካማረ ኮፒውን ማን ዞሮ ያየዋል?

ደስታነሽ፦ ውሃም ኮፒ አለው?

ሸዋንግዛው፦ ለዚህ ነው እኔ የመጣሁት። አንቺ ዓሣሽን ጥበሺ።

[አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቁልቁል ያያል]

ሸዋንግዛው፦ መጡ! ከታች፣ ከሐይቁ በኩል ነው የጀመሩት። ቦት ጫማ ያደረገው ሰውዬ ጎንበስ አለ... ቀዳ!

ደስታነሽ፦ አረፋ አለው?

ሸዋንግዛው፦ አረፋውማ የሰፈሩን ልብስ ያጥባል።

ደስታነሽ፦ ጎሽ!

ሸዋንግዛው፦ ምኑ ነው ጎሽ? ሊያሽጉሽ ነው እኮ!

ደስታነሽ፦ አንተ ብቻ ዝም ብለህ እይልኝ። ዘይቱ እሳት ላይ ነው፣ መጣሁ።

[ወደ ኩሽና ትገባለች]

አይ ደስታነሽ፣ አለ ሸዋንግዛው በሆዱ፤ መከራዋ እንኳ አይገባትም። ሰዎቹ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምሩ እሱም ከአጥሩ ወርዶ የውሃ ጎማውን ከማጠራቀሚያው፣ ከሮቶው ላይ ሰካ፤ በአጥሩ ቀዳዳ አሾልኮ ከቱቦዋ በላይ ወረወረው፤ ቧንቧውንም እስከ መጨረሻው ከፍቶ ተመልሶ አጥሩ ላይ ወጣ።

[ደስታነሽ ያልታጠበ ዓሣ ይዛ ትመለሳለች]

ደስታነሽ፦ ሸዋንግዛው፣ ውሃው ለምን ቆመ?

ሸዋንግዛው፦ ለትልቅ ዓላማ።

ደስታነሽ፦ ሮቶው ሙሉ ነበር እኮ! ዓሣውን በምን ልጠበው?

ሸዋንግዛው፦ ዓሣ ዕድሜ ልኩን ሲታጠብ ነው የኖረው። ይልቅ ነይ፣ ከቱቦሽ በላይ ያለውን ውሃ እዪልኝ!

ደስታነሽ፦ ጠጠሩ ሳይቀር ይታያል።

ሸዋንግዛው፦ ሰውዬው ራሱ ማመን አቅቶት ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ እያነሣ ነው ያየው። ዋናውን አሳምሬልሻለሁ!

ደስታነሽ፦ ቆይ፣ ቆይ። ከላይ ንጹሕ ውሃ ቀዱ።

ሸዋንግዛው፦ የምንጭ ውሃ በይው።

ደስታነሽ፦ ከታች አረፋ ቀዱ።

ሸዋንግዛው፦ እሱ ኮፒው ነው፣ ተዪው።

ደስታነሽ፦ መሃል ላይ ማን አለ?

ሸዋንግዛው፦ መሃል ላይማ... አንቺ አለሽ።

ደስታነሽ፦ ስለዚህ ንጹሕ ውሃ መጣ፤ በእኔ ጓሮ አለፈ፤ አረፋ ሆኖ ወጣ።

[ሸዋንግዛው ከአጥሩ ቀስ ብሎ ይወርዳል]

ሸዋንግዛው፦ አትደንግጪ። መላ አለኝ። አሁን ሮጠን ከላይ ትንሽ የመኪና ግራሶ ጣል ብናደርግበት...

ደስታነሽ፦ ሸዋንግዛው! ለመሆኑ እነዚህን ሰዎች ማን የጠራቸው ይመስልሃል?

ሸዋንግዛው፦ ጠላትሽ ነዋ!

ደስታነሽ፦ እኔ ነኝ!

ሸዋንግዛው፦ በራስሽ ላይ?

ደስታነሽ፦ በመኪና እጥበቱ ላይ ነው እንጂ! የአልአዛር አረፋና ግራሶ በጓሮዬ እያለፈ ደንበኛው አፍንጫውን ይዞ ከጠረጴዛ ይነሣብኛል። ብለምነው፣ «የራስሽ የዓሣ እጣቢ ነው» አለኝ። ከላይም ከታችም ቅዱና ፍረዱን ብዬ ስንት ጊዜ ተመላለስኩ! ከላይም አረፋ፣ ከታችም አረፋ ቢገኝ ነጻ ወጥቼ ነበር። አንተ ግን የአልአዛርን አረፋ በእኔው ሮቶ አጥበህ፣ ከሳሿን ተከሳሽ አደረግኸኝ!

ሸዋንግዛው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ደስታነሽ ሁለት ጊዜ ብትጮህበት ይቀለው ነበር፤ እሷ ግን አንዴ ጮኻ ተወችው።

ሸዋንግዛው፦ ይቅር በይኝ እታለም። ለልጆቹ ብዬ ነው።

ደስታነሽ፦ አውቃለሁ። ባላውቅማ በዚህ ዓሣ ነበር የምልህ።

[ዓሣውን ሰጥታው፣ ሽርጧን ፈትታ ወደ ቦዩ ትሄዳለች]

ሸዋንግዛው ዓሣውን እንዳቀፈ ቆመ። ደስታነሽ ስትመለስ አፏን በመዳፏ ይዛ ነበር፤ የምታለቅስ መሰለው።

ሸዋንግዛው፦ አሸጉት?

ደስታነሽ፦ [ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት] ምን ያሽጋሉ! ሰውዬው የላይኛውን ጠርሙስ ቢያሸተው ክሎሪን ክሎሪን አለው። «ከቦይ የቧንቧ ውሃ ሲመነጭ በሥራ ዘመኔ አላየሁም» ብሎ ጎማውን ተከትሎ አጥራችን ሥር ደርሶ አገኘሁት። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ሸዋንግዛው፦ እሺ፣ ከዚያስ?

ደስታነሽ፦ ሁለቱንም ጠርሙስ ደፉት። ሌላ ቀን መጥተው እንደገና ይቀዳሉ፤ መቼ እንደሆነ ግን ለእኔም፣ ለአልአዛርም፣ ለማንም አይናገሩም።

ሸዋንግዛው፦ ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!

[ዓሣውን ይስማል]

ሸዋንግዛው፦ ስለ እኔስ ምንም አላሉም?

ደስታነሽ፦ ብለዋል እንጂ። ለሆቴሎችና ለመኪና እጥበቶች ሥልጠና ሊሰጡ ነው፤ አንተ የግድ እንድትገኝላቸው ይፈልጋሉ።

ሸዋንግዛው፦ [ኮሌታውን እያስተካከለ] አላልኩሽም? የቢሮ ሰው ዕውቀት ሲያይ ያውቃል! ንግግር ነው የማደርገው?

ደስታነሽ፦ የለም፣ የአንተ ሥራ ፊት ለፊት መቆም ብቻ ነው። «እንዲህ አይደረግም» ሲሉ እነሱ በጣታቸው ያሳዩሃል።