ስክሪኑ «ኦ» ያለ ጠዋት

እኔ መቼም በድምፅ አልታማም ነበር። ከጋምቤላ ከተማ ርቃ ባለችው አቦቦ ልጅ ሆኜ አባቴን ከማሳው ጫፍ ለምሳ የምጠራው እኔ ነበርኩ፤ ጎረቤቱም አብሮ ምሳ ሰዓት መድረሱን ያውቅ ነበር። ታዲያ ጋምቤላ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስቀጠር ምን ሥራ ሰጡኝ? ግቢው ማንጎ ሥር የተቀመጠውን ታካሚ በስሙ መጥራት። በዚህ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ስጮህ ጉሮሮዬ ተዘጋ።

ሐኪሙ «ዝም ካላልሽ ድምፅሽ አይመለስም» አለኝ። ባሌ ይህን ሲሰማ በልቡ ሳይስቅ አልቀረም። እኔ ግን አለቀስኩ። እሑድ እሑድ የምዘምር ሰው ነኝ፤ ድምፄ ከሄደ ምን ቀረኝ?

ባሌ የኮምፒውተር መምህር ነው። ደግ ነው፣ ችኩል ነው እንጂ። «አይዞሽ፣ ስም በስክሪን የሚጠራ ፕሮግራም እሠራልሻለሁ» አለኝ። ሠራም። ኃላፊያችን ግቢው ፊት ለፊት ቴሌቪዥን አሰቀለና «ዛሬ ከሠራ ሠራ፤ ካልሆነ አንቺው ትጠሪያለሽ፣ ሌላ ሰው የለኝም» አለኝ።

ጠዋት ተከፈተ። ደወል አሰማና «ኦ» ብሎ ጻፈ። በቃ፣ ኦ ብቻ!

ጋምቤላን ለማታውቁ ልንገራችሁ። የአኝዋክ ወንድ ስሙ ብዙ ጊዜ በኦ ይጀምራል፤ ኦኬሎ፣ ኦሞድ፣ ኦባንግ፣ ኦጁሉ። ማንጎው ሥር ካሉት ወንዶች ግማሹ ብድግ አለ። እኔ ደግሞ ላብ በላብ ሆንኩ።

መናገር ስለማልችል ለባሌ በስልክ ጻፍኩለት። በባጃጅ ከንፎ መጣና ስክሪኑን አይቶ ራሱን ያዘ። ነገሩ እንዲህ ነው አለ፦ ስሙ ጽሑፍ ሆኖ ይገባል፣ ፕሮግራሙ ወደ ካራክተር ይቀይረዋል። ካራክተር የፊደል ማስቀመጫ ነው። ስንት ፊደል እንደሚይዝ ካልነገሩት የመጀመሪያዋን ይይዝና ሌላውን ይጥላል። ተሳስተሃል እንኳ አይልም! ባሌም ተሳስተሃል ያለው ስለሌለ በሰላም ተኛ። በሰው ስም ሞክሮት ነበር ወይ? አልሞከረም። ምን ይደረግ እንግዲህ!

እሱ ለማስተካከል ሲቀመጥ ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ «በይ ጥሪ» አለኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ሲርሲርታ ብቻ ነው።

ይሄኔ ለጉልበቱ ሕመም የሚመላለሰው ሽማግሌ አቶ ኦኬሎ በከዘራው መሬቱን መታ። «ተዋት፣ ልጅቷ ራሷ ታማለች» አለ። ቀጥሎ ወደ ቆሙት ዞረ። ኦ ተብለናል፣ ሁላችንም ኦ ነን፣ ከኛ ውስጥ በጣም የታመመው ማነው አለ። እርስ በርስ ተያዩ። ወባ የሚያንቀጠቅጠውን አንድ ጎረምሳ ደግፈው አስገቡት።

ቀጥሎ «ኛ» መጣ። የኑዌር ሴቶች፣ እነ ኛኮት፣ እነ ኛማል፣ እየተሳሳቁ ተነሡና ትኩሳት ያለበት ሕፃን የታቀፈችውን አስቀደሙ። «ከ» ሲል ከመቲ ከተማ የመጣ ከበደ የሚባል ሰው ብቻውን ቆመ። ዙሪያውን አይቶ አፈረ መሰለኝ፣ «የኔ ሳል ብቻ ነው፣ ሌላ ሰው ይግባ» ብሎ ተቀመጠ። ሌላ ቀን ቢሆን እኔ ቀድሜ መጣሁ፣ አንተ ቀድመህ መጣህ እየተባለ መስኮቴ ሥር ይተናነቁ ነበር። ያን ቀን ማንም አልጮኸም። እኔም ጭምር። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከሰዓት በኋላ ባሌ ለፕሮግራሙ ስንት ፊደል እንደሚይዝ ነገረው፤ ተስተካከለ። ከማግስቱ ጀምሮ ሙሉ ስም ከነአባት ይመጣል። አንዱ ይነሣል፣ ሌላው ስልኩን ይጎረጉራል። ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ጎልማሶች በተራ ተጣልተው መስኮቴን ሊሰብሩት ነበር። አቶ ኦኬሎም መጣና «የኛን ኦ የት አደረሳችሁት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሐኪሙ ድምፅሽ ድኗል፣ ለመዝሙር ቆጥቢው ብሎኛል። ቆጥቤ ነበር እኮ። ግን የዚያኑ ዕለት ቤት ስገባ ባሌ የተስተካከለውን ፕሮግራም ሌላ ጤና ጣቢያ ሊወስደው ሲያሰማምር አገኘሁት። አልቻልኩም። በዳነው ድምፄ፣ አቦቦ እስኪሰማ ጮህኩበት፦

«ማን አስተካክል አለህ!»