«ኖር» እያሉ ጥይት መሥራት

የኛ ሰው ትሕትና ከማሽን ጋር አብሮ እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀ አይደለም። ይህን ስል ትሕትናን መንቀፌ አይደለም፤ እኔ ራሴ በሥርዓት ያደግሁ ልጅ ነኝ። ግን እስቲ አስቡት። ማሽን የሚፈልገው እጃችሁ እንዳይለቀው፣ ዓይናችሁ እንዳይነቀልበት፣ ሐሳባችሁም ሌላ አገር እንዳይሄድበት ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ትሕትና የሚፈልገው ደግሞ እጃችሁ ሥራውን እንዲለቅ፣ ዓይናችሁ ወደ እንግዳው እንዲዞር፣ ሰውነታችሁም ከወንበሩ ብድግ እንዲል ነው። ሁለቱ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቢጋጠሙ ማን የሚያሸንፍ ይመስላችኋል?

ጋራዡ ላስቬጋስ፣ ሲልቬራዶ ራንች ሰፈር የሚገኘው የጋሽ ሰዒድ ጋራዥ ነው። ጋሽ ሰዒድ የሆቴል እንግዶችን ከኤርፖርት የሚያመላልስ ሚኒባስ ሲነዱ የኖሩ የወሎ ሰው ናቸው። እኔ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ሥራዬ ካዚኖ በር ላይ የሰው መኪና ተቀብሎ ፓርክ ማድረግ ነበር። «ነበር» ያልኩት ዘመኑ የኮሮናው 2020 ስለሆነ ነው። ካዚኖዎቹ ተዘጉ፤ ሲከፈቱም የሰው መኪና ውስጥ ገብቶ መሪ መጨበጥ እንደ ነውር ተቆጠረ። ሺፍት የለ፣ ቲፕ የለ። ታዲያ ምን ላድርግ? ተማርኩ! ከቪዲዮ ያልተማርኩት ነገር የለም። ቧንቧ መጠገን ተማርኩ፣ ንብ ማነብ ተማርኩ (ንብ የለኝም)፣ የግድግዳ ሰዓት መፍታት ተማርኩ። መግጠሙን ገና ነኝ።

በዚህ መሐል ነው ጋሽ ሰዒድ ዕጣ የወጣላቸው። ኔቫዳ ውስጥ አጋዘን ለማደን ጠመንጃ መያዝና ልብ መሙላት ብቻ አይበቃም። መንግሥት ዕጣ ያወጣል፤ የደረሰው ሰው ታግ የምትባል ፈቃድ ያገኛል፤ ታጓ የምትሠራው በዚያው ዓመት፣ ለዚያው ወቅት ብቻ ነው። ጋሽ ሰዒድ ለዓመታት ሞክረው ሞክረው በመጨረሻ ደረሳቸው። ቁማር ነክተው የማያውቁት ሰው ላስቬጋስ ውስጥ የደረሳቸው ዕጣ ይሄ ብቻ ነው፤ ደስታቸውን ከዚህ ገምቱ። መስጊድ ተናገሩ፣ ለሾፌሮቹ ሁሉ ተናገሩ፣ ስልክ ተሳስቶ የደወለላቸውን ሰው ሳይቀር ሳይነግሩት አልዘጉም።

ችግሩ ጥይት የለም። ያን ሰሞን ሕዝቡ መጀመሪያ ሶፍት ገዝቶ ጨረሰ፣ ቀጥሎ ጥይት ገዝቶ ጨረሰ። በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምድና እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። የጠመንጃ ሱቁ መደርደሪያ ላይ የቀረው አቧራና የዋጋ ወረቀት ነው። ጋሽ ሰዒድ ከሱቅ ሱቅ ዞረው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ፊታቸውን ብታዩ! ወቅቱ ካለፈ ታጓ ተራ ወረቀት ናት፤ ዕጣው ደግሞ ዳግመኛ መቼ እንደሚወጣ አንድ አላህ ነው የሚያውቀው።

እዚህ ላይ ነው ደረቴን ነፍቼ «እኔ እሠራልዎታለሁ፣ ጋሼ» ያልኩት።

እትዬ ዘይነባ ወዲያው ቀና ብለው ያ የግድግዳ ሰዓትስ የት ደረሰ ብለው ጠየቁ። መሥሪያ ዕቃው ግን ነበረ። ከጋሽ ሰዒድ ጋር ይነዳ የነበረ አንድ አሜሪካዊ ጡረታ ወጥቶ ከከተማው ሲሄድ ጥይት መሥሪያውን ከነባሩዱና ከነኮተቱ ትቶላቸው ሄዷል። የተተኮሱ ቀለሆችም በቲማቲም ቆርቆሮ ሞልተው ተቀምጠዋል፤ ምክንያቱም ጋሽ ሰዒድ በሕይወታቸው የጣሉት ነገር የለም።

አሁን ማሽኑን ላስረዳችሁ። ግድ የላችሁም፣ ደስ ይላል። ፕሮግሬሲቭ ፕሬስ ይባላል። ጠረጴዛ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ ረጅም እጀታ ያለው ብረት ነው። መሐሉ ላይ ክብ ሳህን አለች፤ ቀለሆቹ በሳህኗ ዙሪያ ይሰለፋሉ። እጀታውን አንድ ጊዜ ስትስቡት ሁሉም በየቆመበት አንድ አንድ ነገር ይደረግለታል። አንዱ ፕራይመር ይቀየርለታል፤ ፕራይመር ማለት ቂጡ ላይ የምትቀመጥ፣ ምስር የምታክል፣ ስትመታ እሳት የምትተፋ ነገር ናት። አንዱ ባሩድ ይሞላለታል። አንዱ አናቱ ላይ እርሳሱ፣ ተተኩሶ የሚሄደው ጫፍ፣ ይተከልለታል። ከዚያ ሳህኗን በእጃችሁ አንድ ጊዜ ታዞሯታላችሁ፤ ሁሉም ወደሚቀጥለው ቦታ ይሻገራል። በየስበቱ አንድ ያለቀለት ጥይት ኪል ብሎ ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። ከዚህ በላይ ምን ውበት አለ?

ጋሽ ሰዒድ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ይሄማ የኤርፖርት ወረፋ ነው አሉ። የፊተኛው መኪና ጭኖ ሲወጣ ሁላችንም አንድ አንድ እንጠጋለን፤ በቃ። እውነቴን ነው፣ ከቪዲዮዎቹ ሁሉ የተሻለ ማብራሪያ ነበር። ትንሽ ቅር ብሎኛል።

አንድ አደጋ ግን አለው። ሳህኗን አንዴ በማዞር ፈንታ ተሳስታችሁ ሁለቴ ካዞራችኋት አንዱ ቀለህ ባሩድ ሳይሞላለት ያልፋል። ላዩ ላይ እርሳሱ ስለሚተከልበት ከውጭ ስታዩት ድንቅ ጥይት ነው። ሲተኮስ ግን ፕራይመሯ ብቻዋን ጭስስ ትልና እርሳሱን ወስዳ የጠመንጃው አፈሙዝ ውስጥ ትወሽቀዋለች። ይሄን ሳያውቁ ሌላ ጥይት ከኋላው ቢተኩሱ ጠመንጃው እዚያው ጉንጭ ሥር ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ ሥራ መሐል ያቋረጣችሁ ነገር ካለ፣ ሳህኗ ላይ ያለውን ሁሉ አውልቃችሁ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ።

ሕጉን በቃሌ አውቀው ነበር። በእንቅልፌም ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር።

ሥራውን የጀመርኩ ዕለት እንዴት ያለ ደስታ መሰላችሁ! እስባለሁ፣ አዞራለሁ፣ ኪል! እስባለሁ፣ አዞራለሁ፣ ኪል! ጋራዡ እንደ ምድጃ ይነዳል፤ ላቤ እስከ ካልሲዬ ወርዷል፤ እኔ ግን ፋብሪካ ነኝ። የረሳሁት አንድ ነገር ቢኖር በኮሮና ምክንያት ያ ጋራዥ የሲልቬራዶ ራንች ሐበሻ ሳሎን መሆኑን ነው። ሰው ቤት ውስጥ መግባት ስለቀረ እትዬ ዘይነባ የጋራዡን በር ከፍተው ወንበሮቹን አራርቀው ደርድረዋል፤ የሚያልፍ ሁሉ ይገባል።

መጀመሪያ የገቡት አቶ መኮንን ናቸው፤ የጋሽ ሰዒድ የልብ ጓደኛ፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከሎን ማውንቴን ድረስ ለጨዋታ የሚመጡ። እጀታው ግማሽ መንገድ ላይ ነበር። ምን አደረግሁ? «ኖር!» ብዬ ብድግ! «በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ እንዳትነሣ!» አሉ። እንግዲህ ይህን «እንዳትነሣ» የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ፈተና ነው። አምናችሁት ብትቀመጡ ወሬው ከናንተ ቀድሞ ሎን ማውንቴን ይደርሳል። እጅ መጨባበጥ በመከልከሉ ደግሞ በእጅ ያልቅ የነበረው ሰላምታ ሁሉ ወደ አፍ ተዛውሯል። ስለ እኔ ጠየቁ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ እህቴ፣ እህቴ ስላሳለፈችው ጉንፋን። እኔም በተራዬ አንድ ሳላጎድል መለስኩ። ስቀመጥ እጀታውን ጨርሼ ሳብኩ፣ ሳህኗን አዞርኩ፣ ኪል! ብዙም ሳይቆይ ከመስጊድ አንድ ሽማግሌ መጡ። ኖር! ደግሞ ጎረቤታችን የሆኑ እናት ገቡ። ኖር! ያን ቀን ከተቀመጥኩት የተነሣሁት ሳይበልጥ አይቀርም።

ሳጥኑ ሲሞላ አቶ መኮንን ጠጋ ብለው ማሽኑን መረመሩና ለመሆኑ መሐል ላይ ሰው ቢያቋርጥህስ ምን ታደርጋለህ ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔ ደግሞ ጥያቄ ስወድ! «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጋሼ» ብዬ ጀመርኩ። ማቋረጥ እጅግ አደገኛ መሆኑን፣ ሰው ተነሥቶ ሲመለስ ሳህኗን ማዞሩንና አለማዞሩን ሊረሳ እንደሚችል፣ ስለዚህም ሁሉን አውልቆ እንደ አዲስ መጀመር… እዚህ ላይ ድምፄ ሄደ። ጋሽ ሰዒድ አዩኝ። አቶ መኮንንም አዩኝ። ሦስታችንም ቀስ ብለን ወደ ሳጥኑ ዞርን።

ከነዚህ ውስጥ ባዶ ሊኖር ይችላል አልኩ። የትኛው አሉ ጋሽ ሰዒድ። እሱን ባውቅማ አልኩ።

ከዚያ የሆነውን ብታዩ በሳቅ ትወድቁ ነበር። አቶ መኮንን ቆይ ቀላል ነው ብለው አንዱን ጥይት ጆሯቸው ሥር እንደ ሕፃን መጫወቻ ይነቀንቁት ጀመር። ሽማግሌውም አንድ አነሡ። ጎረቤታችንም። በማስክ የተሸፈኑ የተከበሩ ሰዎች፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ተራርቀው ተቀምጠው ጥይት ያዳምጣሉ! ይሄ ዝም ብሏል፣ ባዶ ነው ይላሉ አንዱ። ኧረ ዝም ያለው ጢም ብሎ ስለሞላ ነው ይላሉ ሌላው። እውነትም የኛ ባሩድ ቀለሁን ሞልቶ ስለሚጨናነቅ ሙሉውም ዝም ነው፣ ባዶውም ዝም ነው። እትዬ ዘይነባ የወጥ ቤት ሚዛን አመጡ። እሱም አልፈረደም፤ ቀለሆቹ የየፋብሪካው ስለሆኑ ባዷቸውን ሆነው እንኳ አንዱ ከባድ አንዱ ቀላል ነው። ይሄን ሳስረዳ እትዬ ዘይነባ አቋረጡኝና አንተ ልጅ ያስረዳኸን አይበቃም ወይ አሉ።

ጋሽ ሰዒድ ግን አልሳቁም። ሳጥኑን እያዩ ቆዩና የአደኑ ቀን ደርሷል፣ የማነጣጥረውም በዚህችው በቀኝ ዓይኔ ነው አሉ። ሰውዬው ዓመታት የጠበቁት ዕጣ አንድ በኩል፣ ዓይናቸው ሌላ በኩል፤ መሐል ላይ እኔና የኔ «ኖር»!

ሁሉም ይፍረስ አልኩ።

ጥይት ማፍረሻው መዶሻ የሚመስል ነገር ነው። ጥይቱን ሆዱ ውስጥ ትከቱና ሲሚንቶው ላይ ትደልቁታላችሁ፤ በድንጋጤ እርሳሱ ከቀለሁ ይላቀቃል። ፕራይመሯ ላይ የሚያርፍ ነገር ስለሌለ አይተኩስም፤ እኔ ግን ይህን እስካስረዳ ድረስ አቶ መኮንን መንገድ ተሻግረው ቆመው ነበር። ደለቅን። አንድ በአንድ፣ በየተራ። አሜሪካዊው ጎረቤታችን ከአጥሩ በላይ ብቅ ብሎ ምን እየገነባችሁ ነው አለን። አቶ መኮንን እያፈረስን ነው ብለው መለሱለት።

የመጀመሪያው ሙሉ ነበር። ቀጣዩም ሙሉ። እየደለቅን ሄድን፤ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ሙሉ። በኋላማ ባዶ ይገኝ ብዬ መጸለይ ጀመርኩ! ባዶ ቢገኝ ቢያንስ ሕይወት አድን እባላለሁ። የመጨረሻውን ጋሽ ሰዒድ ራሳቸው ደለቁት። ባሩዱ መዳፋቸው ላይ ሽው ብሎ ፈሰሰ። ሙሉ!

ደህና ነበሩ ማለት ነው አሉ። ደህና ነበሩ አልኩ። ከዚያ ጋሽ ሰዒድ ሆዳቸውን ይዘው «ወላሂ ልጄ፣ አንተን የወለደች እናት ምን ትል ይሆን!» ብለው መሳቅ ሲጀምሩ ጋራዡ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

እንደገና መሥራቱ ነው ጉዱ። ሰው እንዳይመጣ መከልከል አይቻልም፤ ደንባችን አይፈቅድም። መላውን የፈጠሩት እትዬ ዘይነባ ናቸው። የጋራዡን በር ዘጉልኝና እሳቸው ውጭ ጥላው ሥር ወንበር ዘርግተው ወኪሌ ሆነው ተቀመጡ። እንግዳ ሲመጣ ከበሩ ውጭ «ኖር ብሏችኋል! ብድግ ብሏል!» ይላሉ። እንግዳውም «በእግዜር፣ ይቀመጥ በሉት!» ይላል። ስለ እናቴ ይጠየቃሉ፣ ደህና ናት ይላሉ። ስለ እህቴ ጉንፋን ይጠየቃሉ፣ ተሽሏታል ይላሉ። እኔ ውስጥ ሆኜ እስባለሁ፣ አዞራለሁ፣ ኪል! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብዙ ሰው አክብሬ አላውቅም፤ አንዴም ሳልነሣ።

ከከተማው ወጣ ብለን በረሃው ላይ ሞከርናቸው፤ አንዱም አላሳፈረን። ከዚያ ጋሽ ሰዒድና አቶ መኮንን ወደ ተራራው ሄዱ። እዚያ ስልክ አይሠራም። እኔ ቤት ቀርቼ ጥፍሬን በላሁ። እየሠራሁ ያሰብኩት ሁሉ እየተመለሰ ያቃጥለኛል፤ የሚተኩሷት ጥይት ብትስትስ? አንዷ ጥይት ብትጨስስ?

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መኪናው ሲቆም ሮጬ ወጣሁ። ጋሽ ሰዒድ ሁለት ዓይናቸውም በየቦታው ነው፤ የመኪናው ኋላ ላይ ደግሞ አጋዘን! ቢስሚላህ ብለው አንድ ጊዜ ተኩሰው፣ በአንድ ጥይት ነው የጣሉት። ቅዳሜ ጥብሱ ጋራዡ በር ላይ ሲጨስ ያላየሁት ሰው አልቀረም።

ጨዋታው ሲሞቅ ጋሽ ሰዒድ ተኩስ ማለት ዓይን ነው፣ ዓይን ደግሞ ከወሎ ነው የሚመጣው አሉ። አቶ መኮንን ያለ እኔ የሩቅ ማሳያ መነጽር አጋዘኑን ማን ያየው ነበር አሉ። እትዬ ዘይነባ ሌሊቱን ያደረግሁትን ዱዓ አላህ ነው የሚያውቀው አሉ። ሽማግሌው ደግሞ ጠመንጃው የድሮ ሥራ መሆኑን አስተውለው፣ የድሮ ሰው ሲሠራ እንዲህ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ የጥብስ ሳህን ይዤ ቆሜ ተራዬን ጠበቅሁ። አልመጣም። በመጨረሻ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጥይቷስ እንዴት ነበረች ብዬ ጠየቅሁ።

ጋሽ ሰዒድ ገርሟቸው አዩኝ። ጥይት ነዋ፣ ምን ትሆናለች ብለህ ነው አሉና ጨዋታቸውን ቀጠሉ።

እኔም ጥብሴን በላሁ። ስታ ቢሆን ኖሮ ግን ከተማውን አቋርጦ እስከ ሮድስ ራንች ሰፈር ድረስ የማን ጥይት እንደነበረች የማያውቅ ሐበሻ አይገኝም ነበር።