ቀይ ሪባን የዞረበት ሜዳ

የእኛ ሰው «እዚያ ኮረብታ ሥር ወርቅ ተቀብሯል» ቢሉት ሳያላምጥ ይውጣል። «የለም፣ የልጆች ጨዋታ ነው» ያሉት እንደሆነ ግን መታወቂያ ይጠይቃል። ይህን የምላችሁ ሰው ለማማት አይደለም፤ ደርሶብኝ ነው።

ጎረቤቴ ጽጌ አስተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችንን ልጆች አዳማ ባለው ቤቷ በረንዳ ላይ ሰብስባ መጽሐፍ ታነብላቸዋለች። በቅርቡ ያነበበችላቸው ነፋሻማ ሜዳ ላይ የተደበቀ ሣጥን ፍለጋ ስለወጡ ልጆች ነበር። መጽሐፉ ሲያልቅ ጥያቄው ጀመረ። «ቲቸር፣ እኛ ጋ ሜዳ የለም?» ሜዳማ ሞልቶ! ከከተማ ወጣ ሲሉ፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ክንፋቸውን ከሚያሽከረክሩበት ኮረብታ ግርጌ፣ ግራርና ድንጋይ እንደ ልብ ነው። የጎደለው ሣጥኑ ብቻ ነበር።

ሣጥኑን መደበቅ የእኔ ድርሻ ሆነ። ጡረታ የወጣ ሰው ሁሉ ሥራ ፈት ይመስላቸዋል። (ነኝ፤ ግን መባሉ አይጥመኝም።) ዓርብ ከሰዓት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ከረሜላና እርሳስ ሞልቼ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ሸጎጥኩ። ከዚያም ከቋጥኙ እስከ መኪና መንገዱ ድረስ ግራሮቹ ላይ ቀይ ሪባን እያሰርኩ ተመለስኩ። አንድ ገበሬ ከሩቅ ቆሞ ያየኛል። እጄን አነሳሁለት፤ እሱ አላነሳም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከልጆቹ ጋር ስንደርስ የመጀመሪያው ግራር ባዶውን ቆሟል። ሁለተኛውም እንዲሁ። «ነፋስ ይሆናል» አለች ጽጌ፣ ማመንጫዎቹን እያየች። ፌናን የምትባል ዓይነ ፈጣን ልጅ ግን በሌላ አቅጣጫ ቀይ ነገር ስታይ ሮጠች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ሪባኖቼ እኔ እግሬ ረግጦት በማያውቀው መንገድ መሩን። መጨረሻ ላይ ሜዳው የሚያልቅበት፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለች ጎጆ ዘንድ ደረስን። የቀሩት ሪባኖች በሙሉ በቁልቋል አጥሯ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ታቦት የሚያልፍባት አስመስለዋታል። ልጆቹ ጨፈሩ።

ከጎጆዋ አንዲት አሮጊት ወጡ። አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከኋላቸው አልጋቸው፣ ድስታቸው፣ የእህል ጆንያቸው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ተደርድሯል።

«አካም ቡልተን» ብለው ሰላም አሉን፣ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ። ቀጥለውም «ቤት ለማፍረስ ደግሞ ልጆች ይዛችሁ ነው የምትመጡት?» አሉ።

ጭፈራው ቀጥ አለ። ነገሩን ያስረዱን ራሳቸው ናቸው። ሪባኔን መጀመሪያ ያየው ያ ገበሬ፣ ደበላ፣ መንገድ ሊወጣበት መስሎት ፈትቶ ወደ ወንድሙ መሬት አሻገረው። ወንድሙ ወደ ጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ከድንበሩ ማዶ እያሰረ እስከ እሳቸው አጥር።

«እርስዎስ ለምን አላሻገሩትም?» አልኳቸው።

በዱላቸው ገደሉን አሳዩኝ። «ወደ ማን?»

ጽጌ ጨዋታ መሆኑን ብትነግራቸው አላመኑም። «ይኼን ሁሉ መንገድ ለከረሜላ?» አሉና ካላየሁ ብለው ተከተሉን። ቋጥኙ ሥር እጄን ሰደድኩ፤ ሣጥኑንም አሻግረውት ቢሆንስ? ቆርቆሮው ግን ነበረ። አዴ ጫልቱ ራሳቸው ከፈቱት፤ ከሥሩ ሌላ ነገር እንዳይኖር እርሳሱን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው አንዲት ከረሜላ ልጠው ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ይህን ጊዜ ደበላ ከወንድሙና ከጎረቤታቸው ጋር ከተፍ አለ። ወደ ቆርቆሮው አንገቱን አስግጎ፣ «መቼም ሪባኑ መጀመሪያ የታሰረው በእኔ ድንበር ነው» አይል መሰላችሁ! ወንድሙም ሪባኑ እሱ ጋ ማረፉን አስታወሰ። ፍረዱኝ እንግዲህ።

አዴ ጫልቱ ዓይናቸውን ገለጡ። «ድርሻችሁን አልከለክልም» አሉ። «መጀመሪያ ግን አልጋዬን ወደ ቤት አስገቡልኝ።»

ከወፍራም ወይራ የተሠራ አልጋ ነው፤ ጠዋት ያወጡላቸው የመንደሩ ጎረምሶች እርሻ ወርደዋል። ጎጆዋ ስንመለስ ደበላ አንዱን እግር ያዘ፣ ወንድሙ አንዱን፣ ጎረቤታቸው አንዱን። እኔ ከልጆቹ ጋር ቆሜ ከረሜላ ስልጥ አሮጊቷ በዱላቸው ጠቀሱኝ።

«አራተኛውን» አሉ፣ «ሪባኑን ያሰረው ሰው ይያዝ።»