ክቡር ሳንሱርና የአፋችን ጉዳይ

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር፦ በማተሚያ ቤታችን ምድር ቤት፣ ከወረቀት መጋዘኑ አጠገብ፣ ሁለት ሰው ሲገባ ሦስተኛው መውጣት ባለበት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሰውን ሁሉ ምላስ የሚያስተዳድሩት፣ ቁመታቸው ከመቁረጫው ጠረጴዛ እምብዛም የማይበልጠው፣ የቀይ እስክሪብቶ ባለሥልጣን፣ የነጠላ ሰረዝ ጠበቃ፣ የአፍ ንጽሕና ጠቅላይ ኃላፊ ክቡር ሳንሱር ዛሬም በሥራ ገበታቸው ላይ መሆናቸው ይታወቅ። ማንም ሰው እግሩ ላይ የወረቀት እስር ቢወድቅበት፣ ጣቱ በር ውስጥ ቢያዝ፣ አለቃው ቢያናድደው፣ ከአፉ እንዲወጣ የተፈቀደው "ውይ" ብቻ ነው። እሱም አንድ ጊዜ።

እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ቦታ የለም። የሥራ ባልደረባ ካልሆነ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ካልሆነ አማት ነው፤ አማት ካልሆነ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላችሁ ተቀምጦ ሾፌሩ በተናገረ ቁጥር በረጅሙ የሚተነፍሰው ሰውዬ ነው። በሰፊው ሕዝብ ላይ ከተጫኑት ጭቆናዎች ሁሉ የምላስ ጭቆና የከፋ ነው፤ ሌላውን ጭቆና ቢያንስ ትሰድበዋለህ።

የኛው ሰው ሥራው አራሚነት ነው። መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ስሕተቱን ይለቅማል። ከዚህ በኋላ አንቱታውን ትቼ "እሱ" እላለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት አብሮህ ከሠራ ሰው ጋር አንቱ መባባል ያደክማል፣ እኔ ደግሞ ቀድሞውንም የደከምኩ ሰው ነኝ። ሳንሱር ያልነው እኛ ነን። እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቀው የሠራተኛ መዝገብ ብቻ ነው።

ችግሩ ወረቀቱ ሲያልቅ እርማቱ አያልቅም፤ ወደ ሰው ይሻገራል። ቀለም ቀያጩ ጣሳው እግሩ ላይ ሲያርፍበት አፉን ከፍቶ ገና የመጀመሪያውን ፊደል እንደያዘ፣ በሩ ላይ ያቺ መነጽር ብቅ ትላለች።

"በዚሁ አፍ?"

ይኸው ነው። አይጮህም፣ አይሰብክም፣ ጥቅስ አይጠቅስም። "በዚሁ አፍ?" ብሎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። አንተ እግርህን ታቅፈህ እሁድ ጠዋት የዘመርከውን መዝሙር እያስታወስክ ትቀራለህ። በሕመም ላይ ኀፍረት ይደረብብሃል።

ቀለም ቀያጩ ብልጥ ነው። ስድብ ቢከለከልም የማሽን ዕቃ ስም አልተከለከለም ብሎ "አንተ ሮለር" ማለት ጀመረ። በሳምንት ውስጥ ምድር ቤቱ በሙሉ ተከተለው። "የሮለር ዘር"፣ "ሮለር ይግባብህ"፣ "ምን ዓይነቱ ሮለር ነው ዛሬ ደግሞ የገጠመኝ"። ነፃ የወጣን መስሎን ነበር። ሳንሱር ሦስት ቀን ዝም ብሎ አዳመጠና በአራተኛው ቀን መጣ።

"ሮለር ስትል ልብህ ምን አለ?" ብሎ ጠየቀው።

"ሮለር አለ።"

"እውነቱን፣ ወንድሜ።"

ቀለም ቀያጩ አንገቱን ደፋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እውነተኛው ሮለር ሲበላሽ እንኳ ለጥገና ክፍል የምናመለክተው "ያ ክብ ነገር" ብለን ነው።

ደራሲዎችም አልተረፉም። አንዱ የልብ ወለዱን የመጨረሻ ንባብ ሊያይ ቢመጣ፣ ሰካራሙ ጋሪ ነጂ በሚናገርበት ገጽ ሁሉ በስድቡ ቦታ በቀይ ቀለም ነጠብጣብ ተደርድሮ አገኘ።

"ጌታዬ፣ ይኼ እኮ ጋሪ ነጂ ነው" አለ ደራሲው። "ፈረሱ ወድቆበታል። ሰክሯል።"

"ቢሆንስ? ጋሪ ነጂ አይጠመቅም?"

"የፈጠርኩት ሰው ነው። የለም እኮ።"

"ታዲያ ስትፈጥረው ለምን ባለጌ አድርገህ ፈጠርከው?"

ሥራ አስኪያጁ ድረስ ሄደው ተካሰሱ። ደራሲው ረታና ስድቦቹ ተመለሱ። ሳንሱር ግን ያን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ያነበበው እነዚያን መስመሮች በማስመሪያ ጋርዶ ነው። ከታተመ በኋላ ስሕተት የተገኘውም እዚያው ላይ ነው፤ የጋሪ ነጂው ስድብ በሙሉ ፊደሉ የተዘበራረቀ ሆኖ ወጣ።

ሚስቱ ከኔዋ ጋር ትቀራረባለች። የኔዋ "በቤትስ እንዴት ነው?" ብላ ብትጠይቃት፣ "ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር፣ እቴ" አለቻት። "የሚሳደብ ባል ተሳድቦ ይወጣለታል፤ የኔው ሲናደድ ምግቡን አመስግኖ ይበላና ሁለት ቀን በትሕትና ያናግረኛል። እሱ ነው የሚያስፈራው።"

አንድ ቀን ሻይ ላይ ተከራከርኩት። እኔም ክርስቲያን ነኝ። የምንሄደው አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱ ፊት ይቆማል፣ እኔ በሩ አጠገብ።

"ነቢያትስ ቢሆኑ ነገሥታቱን ሲገሥጹ ማር እየቀቡ ነበር እንዴ?" አልኩት።

"አንተ ነቢይ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"በል ሻይህን ጠጣ።"

"ስድብ እኮ የደከመ ሰው ጸሎት ነው።"

"አሜን የሚለው ማን ሆኖ?"

ሻዬን ጠጣሁ። መልሱን ከሰባት ዓመት በኋላም አላገኘሁም። ደካማ ሰውን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆ ስኳሩን እያማሰለ መቀመጥ ራሱ ከስድብ የማይተናነስ ጭካኔ ነው ብዬ በልቤ ያዝኩበት።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉድ ልግባ። እኔ የማጠፊያው ማሽን ሠራተኛ ነኝ። ማሽኑ ወረቀቱን ስቦ የሚያጥፍበት ቦታ ላይ ጣት እንዳይገባ የሚከልል ክዳን አለው። ክዳኑ ሥራ ያዘገያል። ስለዚህ ምክትል ሥራ አስኪያጁ፣ አንድ ትልቅ ትእዛዝ ቀኑ ተቃርቦ፣ "አንሱት፣ ሲያልቅ ትመልሱታላችሁ" አለ። እምቢ አልኩ። በማግስቱ ስመጣ ተነሥቶ ጠበቀኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት ጠራዧ፣ እኛ ሁላችን እትዬ የምንላት ትልቅ ሴት፣ የታጠፈውን ልታነሣ ስትጎነበስ እጅጌዋን ማሽኑ ያዘው። ማቆሚያውን መታሁት። እጅጌው እስከ ክርኑ ተበልቶ እጇ ወጣ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነካካቻቸው። ሴቶቹ ደግፈው ወደ ውጭ፣ ወደ አየሩ ወሰዷት፤ ወንዶቹም ተከትለው ወጡ። ምክትሉ በዚህ መሐል ደረጃውን ወርዶ መጣና የተናገረው የመጀመሪያ ነገር፣

"ማሽኑን ማን አቆመው?"

ያኔ አልኩት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፍም። ሳስበው ጆሮው ገና መቅላት ሳይጀምር ደገምኩለት። ዞር ስል፣ አንድ ገጽ ሊያስፈርም የመጣው ሳንሱር መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሌላ ሰው አልነበረም።

ክሱ በሦስተኛው ቀን ደረሰኝ። አለቃን በጸያፍ ቃል መስደብ፤ ቅጣቱ ከሥራ መሰናበት። ቤቴ ውስጥ ሚስቴና ሁለት ተማሪ ሴት ልጆቼ አሉ፣ እኔም ከዚህ ማሽን ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ምስክሩ አንድ ነው፤ እሱም በሕይወቱ ዋሽቶ የማያውቅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን አንድ ቀን ለመያዝ ሲጠብቅ የኖረ ሰው። መሣቢያዬን ባዶ ማድረግ ጀመርኩ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሁለት ሰው ነው፤ ሰብሳቢውና ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ። ኮሚቴው አንድ ሥርዓት አለው፦ ስድብ ቃል በቃል ይመዘገባል። ባለፈው ዓመት በአንድ ዘበኛ ላይ "ጸያፍ ስድብ ተሳድቧል" ተብሎ የተላከ መዝገብ፣ "ስድቡ ይገለጽ" ተብሎ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተመልሷል። ምክትሉ ደግሞ በክሱ ላይ "ለመጻፍ የሚከብድ ቃል" ብሎ ነው ያለፈው። አልፈርድበትም፤ የተባለውን በገዛ እጁ ጽፎ ማኅተም ሊያስመታበት አልፈለገም። ደንቡም ቢሆን የከሳሽን ቃል ብቻ አይቀበልም፣ ምስክር ይላል።

ሳንሱር ገባ። ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

"ተከሳሹ ተሳድቧል?" አለ ሰብሳቢው።

"ተሳድቧል። ሁለት ጊዜ።"

ክሱ ላይ የተጻፈው አንድ ጊዜ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ያለውን ንገረን።"

"አልናገርም።"

"ለመዝገብ ነው እኮ፣ አባቴ። አንተ ተሳደብክ አይባልም።"

"ከአፌ ከወጣ ወጣ ነው።"

"እሺ፣ ወረቀት ላይ ጻፈው።"

"አፌና እጄ የተጠመቁት አንድ ቀን ነው።"

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እንደገና አነሣው። "እንግዲያው እኛ እንጠይቅህ፣ አንተ ራስህን ብቻ ነቅንቅ። ከእንስሳ ወገን ነው? ቤተሰብ ይነካል? የሰውነት ክፍል አለበት?"

"ጌታዬ፣ እኔ እዚህ ተቀምጫለሁ" አለች ጸሐፊዋ።

"አልነቀንቅም" አለ ሳንሱር። "ስድቡን አልደግምም። ክዳኑን ማን እንዳስነሣው ግን ልናገር እችላለሁ፤ እሱ ጸያፍ ቃል የለበትም።"

"የማሽኑ ጉዳይ ሌላ አጀንዳ ነው" አለ ምክትሉ፣ ከከሳሽ ወንበሩ ላይ።

"ቃል በቃል ይመዘገባል አላላችሁም?"

ጸሐፊዋ እየጻፈች ነበር። የእትዬ እጅጌ ሲቀደድ ደግፈው ካወጧት ሴቶች አንዷ እሷ ናት። ስትጨርስ ቃለ ጉባኤውን እንዲያየው ሰጠችው፤ አንብቦ አንድ የተዘለለ ፊደል አስገባና ፈረመ። ሲፈርም ግን ከገዛ ስሙ አንድ ፊደል ዘለለ። ያን ጊዜ ነው ፈርቶ እንደነበር የገባኝ።

ስድቡ መዝገብ ላይ ስላልሰፈረ እኔን በማስጠንቀቂያ ለቀቁኝ። ላመሰግነው ክፍሉ ድረስ ወረድኩ።

"ለአንተ ብዬ አይደለም" አለኝ፣ ቀና ሳይል። "ንስሐ ግባ። ለሁለቱም።"

ይህን ሰው እንዴት አድርጎ መውደድ ይቻላል? ከኮሚቴው ስብሰባ በኋላ ባለው ሳምንት ጉንፋን ይዞት ቀረ። አንድ የወረቀት እስር አመለጠኝና እግሬ ላይ ወደቀ፤ እኔም ያለኝን ሁሉ አወጣሁ፣ ከነክምችቱ። ማንም ቀና አላለም። ማሽኑ ይሠራል፣ ሰው ይሠራል። ስድቡ አፌ ውስጥ አልጣመኝም፤ በሩን አየት አየት እያደረግሁ ቆሜ ራሴን ያዝኩት። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት የተሳደብኩት ለአንድ አድማጭ ነው።

አሁን ግን ነገሩ ዞሯል። ምክትሉ የክዳኑ ቃል ከነፊርማው ዋናው መሥሪያ ቤት ስለደረሰበት፣ ሳንሱርን "የኮሚቴን ሥራ በማደናቀፍ" ከሶታል። ቅጣቱ ስንብት ነው። ለጡረታው የቀረው ስምንት ወር ነው። ማክሰኞ ጠዋት ይታያል። ምስክሩ እኔ ነኝ።

ትናንት ማሽኔ ድረስ መጣ። "ስለ እኔ ስትመሰክር" አለኝ፣ "ስለዚያ ሰው አንዲት ጸያፍ ቃል ከአፍህ ብትወጣ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ጡረታውም ይቅር።"

"ትቀልዳለህ።"

"ቀልጄ አውቃለሁ?"

አያውቅም። ስለዚህ ማታውኑ ሚስቴን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ተለማመድኩ። የክዳኑን ነገር ተናገርኩ፣ የእጅጌውን ተናገርኩ፣ ጥሩ እየሄደ ነበር። "ከዚያም ምክትል ሥራ አስኪያጁ፣ ያ..." ስል ሚስቴ እጇን አነሣች። እንደገና ጀመርኩ፤ እዚያው ቦታ ስደርስ እንደገና አነሣች። በሕይወቴ ያጠራቀምኩት የቃል ሀብት ተፈትሾ ከዚያ ሰውዬ አጠገብ በንጽሕና መቀመጥ የሚችል አንድ ቃል አልተገኘበትም። ዝም ብዬ "ምክትሉ" ብል ደግሞ ውሸት የተናገርኩ ይመስለኛል።

እናም እናንተ አንባቢዎች፣ ከእኔ የተሻለ ያደጋችሁ፣ ፊት የምትቆሙት፣ የሴት እጅ ማሽን ውስጥ ሊቀር ሲል አይቶ "ማሽኑን ማን አቆመው?" የሚልን ሰው ልክ በልኩ የሚገልጽ፣ ሲሰማው ግን ጆሮው የሚቀላ፣ ሳንሱርም ከወንበሩ የማያስነሣ አንድ ቃል የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከማክሰኞ በፊት ላኩልኝ።