ቁልቁለቱ ሥር ያለው ጆሮ

በየሰፈሩ መኪናን ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዲት ነርስ የምትኖርበት ሰፈር ግን የባሰ ነበረው፤ ክቡር ዶክተር ፍሬን። ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸውም ሳያንገራግሩ ተቀብለዋል።

ቤታቸው ቁልቁለቱ ሥር፣ ሁሉም ፍሬን የሚይዝበት ኩርባ ላይ ነው። መኪና ሲመጣ መስኮታቸው ጣት ታህል ትከፈትና ጆሯቸው ብቻ ይታያል። "የፊት ቀኝ የፍሬን ሸራ አልቋል" ይላሉ፤ መስኮቷ ትዘጋለች። ባለታክሲውን አንድ ሰኞ "ሐሙስን አትዘልቅም" አሉት። ሳቀባቸው። ሐሙስ ማለዳ ታክሲው አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ቀብሮ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በመስኮቷ ሥር እየሳቀ የሚያልፍ የለም።

ነርሷ ልጇን ትምህርት ቤት የምታደርሰው በዚያው ቁልቁለት ነው። የመኪናዋ ፍሬን ወር ሙሉ ሲያፏጭ ከረመ።

"ጠዋት ብቻ ከሆነ እርጥበት ነው፤ ሁለት ሦስቴ ስትይዢው ይተዋል" አሏት ዶክተር ፍሬን። "ቀኑን ሙሉ ከጮኸ ግን ሸራው ሳስቷል፤ አስፈትሺው። የሚጮህ ፍሬን አትፍሪ ልጄ፤ ዝም ሲል ፍሪ።"

እሷ ግን ነገ ዛሬ እያለች ቆየች። አንድ ቀን ፉጨቱ በራሱ ጠፋ፤ ደስ አላት። በማግስቱ ማለዳ በሯን ስትከፍት ሽማግሌው አቀበቱን ወጥተው መኪናዋ ፊት ቆመዋል። በመኪናዋ አቧራ ላይ፣ ከየጎማው በላይ፣ የመዳፋቸው አሻራ ታትሟል።

"ጋሼ፣ ረፍዶብናል፤ ያሳልፉን።"

"ትናንት በደጄ ስታልፊ አልሰማሁሽም" አሉ በዝግታ። "ልጅቷን ይዘሽ አትወርጂም። ብትፈልጊ በእኔ ላይ ሂጂ።"

ጎማው ሲፈታ የፍሬን ዘይት እየፈሰሰ ሸራውን አርሶት ተገኘ። ዝም ያሰኘው ይኸው ነበር። ብትወርድ ኖሮ ኩርባው ጋ መኪናዋ አትቆምላትም ነበር። ነርሷ ልጇን እቅፍ አደረገች።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ልጇን አድርሳ ስትመለስ መስኮቷ አልተከፈተችም። ቤቱ ጭጭ ብሏል። ከመኪናዋ ዘላ ወርዳ በሩን ደበደበች። ደግማ ደበደበች።

"የእጅ ፍሬን አልያዝሽም" አለ ልክ ከበሩ ጀርባ አንድ ድምፅ።

ዞር ስትል መኪናዋ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ኋላ እየተንሸራተተች ነው። ሮጣ ገብታ የእጅ ፍሬኑን ያዘች። ስትመለስ መስኮቷ ጣት ታህል ተከፍታለች።

"ምነው ጋሼ፣ ሞቱብኝ ብዬ እኮ ነው" አለች እንባዋ እየመጣ።

"ዝም ስል ፈራሽ። ገብቶሻል ማለት ነው።"

"ዐመለኛ ሽማግሌ" ብላ አጉረመረመች። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጃፋቸው ስትደርስ ሳያስፈልጋት ቆማ፣ ጆሯቸውን ሳታይ አትሄድም።